የውሃ ኮሚቴ ምርጫ፦ ሁላችንም በአንድ ጉባኤ እንምረጥ ወይስ እያንዳንዱ ጎጥ የራሱን?

የማዶ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። በተለይ በውሃ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንብቡት።

እኔ ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ ላይ ካለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነኝ። ስሟን አልጠቅስም። ሰዎቹ ዘመዶቼ ናቸው፣ ነገሩም ወደ ጠብ እንዲሄድ አልፈልግም። ውሃችን ተራራው ሥር ከጎለበተ ምንጭ በስበት የሚመጣ ነው። ሞተር የለውም፣ ናፍጣም አይጠይቅም። ጋኑ የተሠራው ከገበያው ጎጥ በላይ ነው። ከጋኑ አንዱ መስመር ወደ ገበያው ይወርዳል። ሌላው ሸለቆውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ወጥቶ ወደ እኛ ይመጣል። ማዶ ነው የሚሉን።

ገበያው ጎጥ 180 ቤት አለ። ማዶ ሦስት ጎጥ ነን፤ አንዱ 70፣ አንዱ 50፣ የእኛ 40። ስንደመር 160 ቤት እንሆናለን። ከጠቅላላው 340 ቤት ግማሽ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረን።

ኮሚቴው 7 ሰው ነው። የሚመረጠው ገበያው ሜዳ ላይ በሚጠራ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሰው ይጠቆማል፣ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ከዚያ ሌላ ይጠቆማል። ሁሉም ሰው ለሰባቱም ወንበር እጁን ያወጣል። ባለፈው ጥር ለሦስተኛ ጊዜ ሰባቱም ከገበያው ጎጥ ሆኑ። ከማዶ ሁለት ሰው ጠቁመን ነበር። አንዷ አሥረኛ የጨረሰች፣ ሒሳብ የምትችል ልጅ ናት። ሁለቱም ወደቁ። ማንም አላጭበረበረም፣ ቆጠራውን ቆሜ አይቻለሁ። ሰው የሚያውቀውን ሰው ነው የሚመርጠው፣ 180 ደግሞ ከ160 ይበልጣል። በቃ ይኸው ነው።

ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም። አንደኛው የክርስትና አባቴ ናቸው። ግን የገበያው ቦኖዎች ሲከፈቱ እኛ ጋ ቧንቧው አየር ነው የሚተፋው። እናቴ ጀሪካኗን ይዛ ሌሊት 9 ሰዓት ትነሳለች፣ ምክንያቱም ታች የሚቀዳ ሰው የሌለው ያኔ ብቻ ነው። አምና ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቧንቧው ሲሰበር አምስት ሳምንት ያለ ውሃ ቆየን። ገበያው ላይ ሲሰበር በሁለተኛው ቀን ተጠገነ። በወር የምንከፍለው 20 ብር ግን እኩል ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው ዝም ስላልን የመጣ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ጉባኤ "እያንዳንዱ ጎጥ የራሱን ሰው ለብቻው ይምረጥ" ብዬ ልናገር አስቤያለሁ። አስቀድሜ ለጥቂት ሰው ሳማክር "ሕዝቡን በጎጥ ልትከፋፍል ነው" አሉኝ። እውነት ይከፋፍላል? ወንበሩስ እንዴት ነው የሚደለደለው? ያየ ሰው ይንገረኝ።


ቧንቧ ሠሪው

ወንድሜ፣ በመንዝና በጣርማ በር በኩል የስበት መስመር ስዘረጋ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የጻፍከውን ሳነብ ቦታውን ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። ሸለቆ ወርዶ የሚወጣ መስመር ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላለው ቦኖ ግፊት የሚተርፈው ታች ያለው ሲዘጋ ነው። ታች ሁሉም ከተከፈተ ላይ ያለው አያገኝም። ስለዚህ እናንተ ውሃ የምትጠጡት ምንጩ ስላለ ብቻ አይደለም፣ ቫልቩን የያዘ ሰው "አሁን ገበያው ይዘጋ፣ ማዶ ይከፈት" ሲል ነው። የኮሚቴ ወንበር ሰው እንደ ክብር ያየዋል። በእናንተ ዓይነት መስመር ላይ ግን ወንበሩ የቫልቩ ቁልፍ ነው። ቁልፉን የያዙት ሰባቱም ሰዎች ቤታቸው ከጋኑ በታች ከሆነ፣ ሐሳባቸው ምንም ያህል ቅን ቢሆን ጠዋት ተነስተው ቧንቧቸውን ሲከፍቱ ውሃ አለ፤ ችግሩ አይታያቸውም።

ሁለተኛ፣ ከምርጫው በፊት ውሃውን ለካ። መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ ወደ ጋኑ የሚገባበት ላይ አስቀምጥና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠር። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል። 340 ቤት በአማካይ አምስት አምስት ሰው ብትል 1,700 ሰው ነው። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ደረሰ ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያም እሱ ነበር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር። በበጋ ወደ 60 ሰከንድ ከወረደ ግን ለሰው 17 ሊትር ገደማ ነው የሚደርሰው። ያኔ ያለ ሰዓት ድልድል አይሆንም። ይህን ቁጥር ይዘህ ጉባኤ ከገባህ ነገሩ "ማዶዎች አኮረፉ" መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ወንበር ስትደለድል በጎጥ አትደልድል፣ በመስመር ደልድል። ጎጥ ለግብርና ለስብሰባ የተሰመረ ነው። ውሃው የሚያውቀው ቧንቧውን ነው። ለምሳሌ የ70 ቤቱ ጎጥ ግማሹ ወንዙ አጠገብ፣ ግማሹ አናቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ታች ያሉት ጥሩ ግፊት አላቸው። ተወካዩ ከእነሱ ከተመረጠ አናት ላይ ያሉት አሁንም ሰው የላቸውም። ስለዚህ ከየትኛው ቦኖ ስንት ቤት ይቀዳል ብለህ በወረቀት ጻፍ። ከዚያ በኋላ ነው መስመሩን የምታሰምረው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 340 ለ7 ሲካፈል ለአንድ ወንበር ወደ 49 ቤት ነው። ገበያው 4፣ የማዶዎቹ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። ግን 70 ቤት ያለው ጎጥ 40 ቤት ካለው ጋር እኩል አንድ ወንበር ሲያገኝ ይቀየማል፣ መቀየሙም ልክ ነው። ወንበሩ 9 ቢሆን ለአንድ ወንበር 38 ቤት ገደማ ይሆንና ገበያው 5፣ ባለ 70ው 2፣ ሌሎቹ አንድ አንድ። ይሄ ከሰባቱ ይልቅ ለቤት ቁጥራችሁ ይስማማል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ቁጥሩን ወስኖት ከሆነ ግን መጀመሪያ ደንቡ በጉባኤ መሻሻል አለበት። ያን ሳታደርጉ ብትመርጡ በኋላ አንዱ ተነስቶ ያፈርሰዋል።


የቀድሞ ገንዘብ ያዥ

እኔ በዚህ አልስማማም፣ በከፊል ቢሆንም። ሁለት ዙር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፣ በሌላ ወረዳ። እኛ በየጎጡ ነበር የምንመርጠው። የሆነውን ልንገራችሁ።

እያንዳንዱ ሰው "ጎጤ ላከኝ" ብሎ ነው የሚመጣው። ስብሰባው ሁሉ "ለእኛ አንድ ቦኖ ይጨመር" ሆነ። ጋኑ ተሰንጥቆ ሌሊት ሌሊት ሲንጠባጠብ፣ ጋኑ የማንም ጎጥ ስላልሆነ ማንም አልተሟገተለትም። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያጠራቀምነው ገንዘብ ትንንሽ ቅጥያ ቧንቧ ላይ አለቀ። የጋራ ነገር ባለቤት አጣ።

ሌላው ችግር ሰው ነው። ሒሳብ የሚችሉ ሁለት ጎበዝ ሰዎች ከአንድ ጎጥ ነበሩ። አንዱ ብቻ ገባ። ሌላ ጎጥ ደግሞ ፈቃደኛ ስላጣ በግድ አንድ ሰው ላከ፣ እሱም በዓመት ሁለቴ ነው የታየው። ገንዘብ ያዥ የሚሆን ሰው ከየት ጎጥ እንደሆነ አይገደኝም። ማንበብ መጻፍ የሚችል፣ ገንዘብ የማይነካ፣ ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ይሁን። እሱን ሁሉም ሰው ይምረጠው።

የጠያቂው በደል እውነት ነው፣ አምስት ሳምንት ውሃ ማጣት ቀላል አይደለም። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ። የሰዓት ድልድሉ ደንብ ላይ ይጻፍ፣ ቦኖው ላይ ይለጠፍ፣ የጣሰ ይቀጣ። ያ ካለ ማንም ቢመረጥ ምን ለውጥ አለው?


ቧንቧ ሠሪው

ገንዘብ ያዡ፣ የጋኑን ነገር አምናለሁ፣ እኔም አይቻለሁ። ግን የመጨረሻው ጥያቄህ ላይ፦ ድልድሉን የሚያጸድቀው፣ የጣሰውን የሚቀጣው ማን ነው? ያው ኮሚቴው አይደለም? የተለጠፈ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። ከጎኑ የሚሟገት ሰው ከሌለ ዝናብ ያጥበዋል።


ሰላ ድንጋይ ተወልጄ ሳክራሜንቶ የምኖር

ሰላም ወገኖቼ። ይህ ክርክር እኔ ባለሁበት አገርም ብዙ ዓመት የተሟገቱበት ነገር ስለሆነ የማውቀውን ልጨምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

እዚህ ሳክራሜንቶ መብራት የሚያቀርብልን ድርጅት የሕዝብ ነው፣ ባለአክሲዮን የለውም። የሚመራው 7 አባላት ባሉት ቦርድ ነው። አገልግሎቱ የሚደርስበት አካባቢ በ7 ዋርድ (የምርጫ ክፍል) ተከፍሏል፣ ከየዋርዱ አንድ ሰው ለአራት ዓመት ይመረጣል። የመብራቱን ዋጋ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እኔ ቅሬታ ካለኝ ለማን እንደምናገር አውቃለሁ። የዋርዴ ሰው አንድ ነው፣ "የሌላው ሥራ ነው" ሊለኝ አይችልም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

በአሜሪካ ብዙ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ቦርድና የውሃ ቦርድ ድሮ እንደ እናንተ በጥቅል ነበር የሚመርጠው፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ወንበር። በዚህ መንገድ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ወገን ወንበሩን በሙሉ ይወስዳል። በደቡቡ ክፍል ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸው በ1965ቱ ሕግ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ፣ ድምፅ እየሰጡ አንድም ሰው ማስመረጥ ያልቻሉባቸው ቦታዎች ነበሩ። ብዙ ክስ ተመሥርቶ ነው የተለወጠው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በጥቅል የሚደረገውን ምርጫ መክሰስን የሚያቀልል የራሷን ሕግ አወጣች፣ የ2001 የካሊፎርኒያ የመምረጥ መብት ሕግ ይባላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ከተሞችና ቦርዶች ወደ አካባቢ ምርጫ ተሻገሩ።

ግን ለገንዘብ ያዡ ስጋት መልስ የሚሆን ነገርም አለ። አሪዞና ውስጥ ሶልት ሪቨር የሚባል ውሃና መብራት የሚያቀርብ ተቋም አለ። የመብራቱ ቦርድ 14 ሰው ነው። 10ሩ ከየክፍሉ ይመረጣሉ፣ 4ቱ ግን በጥቅል። ሁለቱን አቀላቅለውታል። (የዚያ ቦርድ ምርጫ በመሬት ስፋት የሚቆጠርበት ክፍል አለው፣ ብዙ ሄክታር ያለው ብዙ ድምፅ አለው። እሱን አትቅዱ።)

ሌላም መንገድ አለ፣ መስመር ማስመር ለማትፈልጉ። አላባማ ውስጥ ቺልተን የምትባል ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለች) በምክር ቤቷ 7 ወንበር ነበራት። በ1988 ምርጫ እያንዳንዱ መራጭ 7 ድምፅ ተሰጠው፣ ከፈለገ ሰባቱንም ለአንድ ሰው መስጠት ይችል ነበር። በዚያው ዓመት በካውንቲው ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ተመረጠ። ወደ እናንተ ቁጥር ሳመጣው፣ በ7 ወንበር 43 ቤት ከተስማማ አንድ ሰው በእርግጠኝነት ያስመርጣል። ማዶ 160 ቤት ናችሁ፣ ሦስት ወንበር ነው። ምንም ጎጥ ሳይከፋፈል፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ ቆሞ። የጠያቂው ጎጥ 40 ቤት ብቻውን ግን ሦስት ቤት ይጎድለዋል፣ ከጎረቤት ጎጥ ጋር መመካከር ይኖርበታል።


የሁለት ልጆች እናት

ወንዶቹ በደንብ ተናግራችኋል። እኔ ጀሪካኑን የምሸከመው ሰው ልናገር።

ጉባኤው የሚጠራው መቼ ነው? ጠዋት። ጠዋት ሴቷ የት ናት? ቦኖው ላይ ተሰልፋ ወይም ምድጃ ላይ። እኛ ቀበሌ (ከደብረ ብርሃን ብዙ አንርቅም) ቤቱን ወክሎ እጅ የሚያወጣው አባወራው ነው። ውሃ የቀዳው ሰው አይደለም። ከማዶ ገበያ ድረስ ሁለት ሰዓት የምትሄድ ነፍሰ ጡር ጉባኤ አትመጣም። ስለዚህ 160ው ቤት ወረቀት ላይ 160 ነው፣ ሜዳው ላይ ስትቆጥሩት 90ም አይሞላ። ጠያቂው ይህን ቁጥር አይተኸው ታውቃለህ? ቦታውን ብቻ መቀየር ብዙ ይለውጣል። አንዴ እዚያ፣ አንዴ ማዶ።

ሁለተኛ፣ ከየጎጡ አንድ ሰው ይመረጥ ካላችሁ ሁሉም ጎጥ ወንድ ነው የሚልከው። አንድ ወንበር ሲሆን "ለሴት ትሰጥ" የሚል የለም። ሁለት ሲሆን ነው አንዷ የምትገባው። ስለዚህ ዘጠኝ ከሆነ ከዘጠኙ ቢያንስ አራቷ ሴት ትሁን ብላችሁ ከምርጫው በፊት ጻፉት። ከገበያው አምስት ሁለቷ፣ ከባለ 70ው ጎጥ አንዷ፣ ከቀሩት ሁለት ጎጦች አንደኛው ሴት ይላክ፣ በሚቀጥለው ዙር ተራው ለሌላው ይዙር።

ሦስተኛ እጅ ማውጣቱ። የክርስትና አባትህ ፊት ለፊት ተቀምጠው በእሳቸው ላይ ሌላ ሰው ትመርጣለህ? እኔ አልመርጥም፣ ባሌ አጠገቤ ቆሞ ከሆነማ ጭራሽ። እኛ የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ስንመርጥ በባቄላ ነው። ተመራጮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ ከኋላቸው ጣሳ ይደረጋል፣ እያንዳንዷ ባቄላዋን ጥላ ታልፋለች። ማን ለማን እንደጣለ አይታወቅም። ማንበብም አይጠይቅም። ያ የአላባማው ሰባት ድምፅ እንኳ ለባቄላ ይመቻል፣ ሰባት ፍሬ ነው፣ እንደፈለግሽ ጣይው።


ከቀወት

የእህታችን ሐሳብ ልክ ነው። እኔ ከቆላው ነኝ፣ የእኛ ጉዳይ መስኖ ነው። አያቴ የውሃ አባት፣ የመስኖውን ተራ የሚደለድሉ ሰው ነበሩ። ድሮ ቦይ ቦዩ ነው የራሱን ውሃ አባት የሚመርጠው፣ ሁሉም ለሁሉም አይመርጥም። ተራ የሚጀምረውም ከጅራቱ ነበር፣ ከቦዩ ጫፍ ካለው ማሳ። ከላይ ከተጀመረ ታች አይደርስም ይሉ ነበር። አሁን የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ። የእናንተ የመጠጥ ውሃ ስለሆነ እሱ አይመለከታችሁም፣ ግን የማኅበር ደንብ ለምትጽፉ ሰዎች ማየቱ አይጎዳም።


መንዜው

ልጄ፣ "በጎጥ ልትከፋፍለን ነው" ላሉህ ሰዎች የጓሳን ነገር አስታውሳቸው።

የመንዝ ጓሳ፣ ያ የሣር መሬት፣ የማን ነው? የሁሉም ነው። ግን የሁሉም ሆኖ የተጠበቀው በሁሉም በአንድ ላይ አልነበረም። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ በሚባሉ በሁለት ወገን ተይዞ፣ ለየወገኑ አለቃ እየተመረጠ፣ ከዚያም ወደ ታች በየአጥቢያው እየተከፋፈለ ነው የኖረው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። የሚከፈትበት ቀን ይወሰናል። ያኔ ነው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚታጨደው። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። መሬት ለአራሹ በ1967 ሲታወጅ ያ ሥርዓት ቀረ፣ ሣሩም ብዙ ተጎዳ። ዛሬ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ሰው ከሩቅ የሚመጣው፣ ያገሩ ሰው እንደገና ተደራጅቶ ስለጠበቀው ነው።

ድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር አልልም። ትውልዱ ከአስቦና ከጌራ ያልሆነ ሰው መብት አልነበረውም፣ ያ ቀርቶ ጥሩ ነው። ግን ለየወገኑ አለቃ መኖሩ መንዝን አልበተነውም። ሰው የሚበተነው አንዱ እየጠጣ ሌላው ሲጠማ ነው። ፓርላማውም ቢሆን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሚመረጠው በየምርጫ ክልሉ ነው። ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦችም ቢያንስ 20 ወንበር ተለይቶ ተቀምጧል። ያንተ 40 ቤት ወንበር ቢጠይቅ ምኑ ነውር ነው?


የማዶ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቧንቧ ሠሪው እንዳለው ለካሁ። ብቻዬን ብለካ አያምኑኝም ብዬ የክርስትና አባቴን ጠርቼ አብረን ሄድን። ሰዓቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። ምንጩ ላይ 20 ሊትሩ በ46 ሰከንድ ሞላ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ስናሰላው ለሰው በቀን 22 ሊትር ነው። ከዚያ እዚያው ሳንቆም ወንዙን ተሻግረን ወደ እኛ ቦኖ ወጣን። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነበር፣ ገበያው ሁሉ የሚቀዳበት ሰዓት። ያው ጀሪካን እኛ ቦኖ ላይ ለመሙላት 11 ደቂቃ ፈጀ። እሳቸው ሰዓታቸውን እያዩ ምንም አልተናገሩም። እናቴ ቡና አፍልታ ነበር፣ እሱንም ዝም ብለው ጠጡ። ሲሄዱ "እኔ ራሴ ነኝ የማነሳው" አሉ። አንስተውታልም።

ኮሚቴው የተስማማው፦ ወንበሩ 9 ይሆናል፣ 5፣ 2፣ 1፣ 1። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ይመርጣል። ገንዘብ ያዡን ግን ከዘጠኙ መካከል ጠቅላላ ጉባኤው ይመርጣል፣ የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ያለው ትዝ ብሎኝ እኔው ነኝ የጠየቅኩት። የጋኑ ጥገና ገንዘብ ለብቻ ይቀመጣል፣ ለቅጥያ አይነካም። ምርጫው በባቄላ ነው። አራት ሴት የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን፣ ሦስት ይሁን ያሉ ነበሩ። ገና አላለቀም፣ ጉባኤው ላይ አነሳዋለሁ። እህቴ፣ የሜዳውን ቁጥር የጠየቅሽኝን ከድሮ ቃለ ጉባኤ አየሁት። ከማዶ የተገኘው 71 ሰው ነበር። አላወቅኩም ነበር። የሚቀጥለው ጉባኤ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዲሆን ተወስኗል።

አንድ የቸገረኝ ነገር ቀረ። ቦኖ በቦኖ ስንቆጥር፣ በጎጥ የገበያው የሆኑ ወንዙ ዳር ያሉ 12 ቤቶች የሚቀዱት ከማዶው መስመር ሆኖ ተገኘ። ከማን ጋር ይምረጡ? ወደ እኛ ከመጡ ገበያው 168፣ ማዶ 172 ይሆናል። "ይኸው ሊወስዱት ነው" እንዳይሉን ፈራሁ።


ቧንቧ ሠሪው

ከሚቀዱበት መስመር ጋር ነው የሚመርጡት፣ ወንዙ ላይ ሲሰበር ከእናንተ ጋር ነው የሚጠሙት። ወንበሩን አስልቼልሃለሁ። 12ቱ ከባለ 70ው ጋር ሲደመሩ 82 ይሆናሉ፣ 2 ወንበር። 50ው አንድ፣ 40ው አንድ። ገበያው በ168 አራት ሙሉ ይደርሰዋል፣ የቀረችው ዘጠነኛዋ ወንበርም ትልቅ ትርፍ ያለው እሱ ስለሆነ የእሱ ናት። አሁንም 5 ነው። ለክርስትና አባትህ ይህን ስሌት በወረቀት ስጣቸው፣ ጉባኤው ላይ እሳቸው ያንብቡት። የ12ቱን ቤት አባወራዎች ደግሞ ከጉባኤው በፊት ሄደህ አነጋግራቸው፣ ስማቸው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲዛወር በሰው አፍ እንዳይሰሙት።